ጅቡ ሳይሄድ

ፎቶ አንሺ ሁሉ እስከ ሦስት ይቆጥራል። ፎቶው ግን ሦስት ላይ ተነስቶ አያውቅም። ከሦስት ወዲያ፣ ከአራት ወዲህ፣ ስም ያልወጣለት አንድ ቁጥር አለ፤ ካሜራው “ቀጭ” የሚለው እዚያ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ፈገግታው ደርቋል፤ ሕፃኑ ወደ እናቱ ዞሯል፤ ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከኋላ የቆሙት አጎት ደግሞ “ተነሳን እንዴ?” ብለው አንገታቸውን አስግገዋል። አልበም የምንለው ነገር በአብዛኛው የዚያች ቁጥር ታሪክ ነው።

እኔም ነገሩን ብዙ ሳልመራመር ኖሬያለሁ። ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚነሳ የልደት ፎቶ ግማሽ ሰከንድ ምን ያደርጋል? ኬኩ የትም አይሄድ። ግማሽ ሰከንድ ምን እንደምታደርግ ያሳየኝ የሐረር ጅብ ነው።

ሐረር ላይ ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጪ ጅብ ይመገባል። መጋቢው ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ይሰካና እንጨቱን በጥርሱ ይነክሳል። ጅቡ ከጨለማው ብቅ ይላል፣ ጠጋ ይላል፣ ያመነታል፣ ላፍ ያደርግና እብስ። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ለጉዞው ብሎ የገዛት ትንሽ ካሜራ በእጁ ነበረች። ቁልፉን ተጫነ። ካሜራዋ መጀመሪያ ትንሽ ቀይ መብራት አበራች። ቀጥላ ሌንሷን “ዝዝዝ” አድርጋ ወደ ፊት ላከች፤ አልተስማማትም መሰል መለሰችው፤ ደግማ ላከችው። ከዚያ ፍላሹ ቦግ አለ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ባዶ እንጨት የነከሰ ሰውዬና፣ ጥግ ላይ፣ የአንድ ጅብ መቀመጫ ነው።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ጅቡም እውነተኛ፣ መሄዱም እውነተኛ ሆኖ የውሻውን ሥራ ካሜራ ሲሠራው ያየሁት ግን ያን ምሽት ነው። ወዳጄ አልከፋውም። “በጣም ጥርት ያለ ነው እኮ!” አለኝ፣ መቀመጫውን አጉልቶ እያሳየኝ።

ከዚያ ወዲህ “ኪስ የምትገባ፣ ለመንገድ የምትሆን፣ ፈጣን ካሜራ የቷ ናት?” የሚለው ጥያቄ ያዘኝ። እንቅልፍ ነሳኝ አልልም። የሥራ ሰዓት ግን ነስቶኛል።

መቼም ካሜራን በመዘግየቱ ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፤ ከዘሩ የወረሰው ነው። ከፎቶ ፈልሳፊዎች አንዱ የነበረው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ ከፎቅ መስኮት ሆኖ ያነሳው የአንድ ጎዳና ፎቶ አለ። ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት ጎዳና ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ብርሃኑን ለመሰብሰብ ደቂቃዎች ስለፈጀ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይታይ ቀረ። ጎልቶ የወጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቆሞ ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር። እስከ ዛሬ ከተረፉት ፎቶዎች መካከል ሰው የታየበት የመጀመሪያው ይሄ ነው ይባላል። እንግዲህ ለፎቶ ታሪክ የተረፈው የሊስትሮ ደንበኛ ነው። የእኛ ሰፈር ሊስትሮዎች ይህን ቢሰሙ ዋጋ ይጨምሩ ነበር።

ዲጂታሉም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው። የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ23 ሰከንድ የሐረሩ ጅብ በልቶ፣ ሄዶ ለዘመዶቹ ነግሮ፣ አስከትሏቸው ይመለሳል።

እኛ ደግሞ ከዚህ መዘግየት ጋር ተስማምተን ነው የኖርነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ኋላም ልጆቻቸው፣ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ንጉሥ ሲነሳ አይሮጥም። ይቀመጣል፣ ካባውን ይደርባል፣ ያያል። ያ አቀማመጥ ከቤተ መንግሥት ወደ ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤት ወደ እያንዳንዳችን ሳሎን የወረደ ይመስለኛል። ፎቶ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ሰውዬው አገጫችሁን በሁለት ጣት ይዞ ያቃናል፤ ትከሻችሁን ይጫናል፤ “ትንፋሽ ያዝ” ይላል። ትንፋሹን የያዘ ሕዝብ ፈጣን ካሜራ ምን ያደርግለታል?

መንገድ ግን ትንፋሹን አይዝላችሁም። ጎንደር ላይ የጥምቀት ዕለት ውኃው ከተባረከ በኋላ ጎረምሶቹ እየዘለሉ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ይገባሉ። ዘገምተኛ ካሜራ የሚሰጣችሁ የተፈናጠቀ ውኃ ነው፤ ማን እንደገባበት የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ደግሞ የሚደርሳችሁ አቧራ ነው። እውነት ለመናገር ጥሩ አቧራ ነው።

እናም ሱቅ ሄድኩ።

“ፈጣን ካሜራ ፈልጌ ነበር።”

“ይቺ 20 ሜጋፒክስል ናት።”

“ፍጥነቷስ?”

“ወንድሜ፣ 20 ሜጋፒክስል እኮ ነው የምልህ!”

ሜጋፒክስል ስለ ፍጥነት የሚነግረን ነገር የለም። እንዲያውም ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፋይሉ ይገዝፋል፣ ካሜራው ይደክማል። ግን ግንባሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር እሱ ስለሆነ ለተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ መልሱ እሱ ነው። ባትሪውስ ስንት ሰዓት ይቆያል ብላችሁ ብትጠይቁም 20 ሜጋፒክስል ነው።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ልጅ ትንሽ በሰል ይላል። “በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል” አለኝ። ይሄኛው ማባበያ ረቀቅ ያለ ነው። በሰከንድ 20 የሚያነሳ ካሜራ የመጀመሪያዋን ለማንሳት ሙሉ ሰከንድ ከፈጀበት፣ የጅቡን መቀመጫ በሃያ ቅጂ ነው የሚያስረክባችሁ።

የተጓዥ ፍጥነት የሚለካው ከመጀመሪያዋ ፎቶ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ካሜራው ከኪስ ይወጣል፣ ይበራል፣ ሌንሱ ይወጣል፣ ፎከስ ይፈልጋል፣ ያነሳል። ካሜራው አንዴ ከበራ በኋላ ጊዜውን የሚበላው ፎከሱ ነው። የድሮዎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ፎከስ የሚፈልጉት ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ቤት እንደሚፈልገው ነው። “ቀዩ በር” ተብሎ የተላከ እንግዳ በሮቹን አንድ በአንድ እያየ ይሄዳል፤ ይሄኛው ከሁሉም ቀይ ነው ለማለት ቀጥሎ ያለውን ማየት አለበት፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አልፎት ሄዶ ነው የሚመለሰው። ካሜራዎቹም ሌንሱን እያንቀሳቀሱ ምስሉ ከሁሉ ይበልጥ የጠራበትን ነጥብ ይፈልጋሉ፤ ነጥቡን ማግኘታቸውን የሚያውቁት ምስሉ ተመልሶ መደብዘዝ ሲጀምር ነው። ያ የሐረሩ “ዝዝዝ” ይሄ ነበር። ፌዝ ዲቴክሽን የሚሉት ዘዴ ግን በሌንሱ በአንዱና በሌላው ወገን የገባውን ብርሃን አነጻጽሮ ወደየትና ምን ያህል መሄድ እንዳለበት ቀድሞ ያውቃል። አንድ ጊዜ ሄዶ ያንኳኳል።

ሻጩን ካሜራው ይህ ዘዴ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና “ኦሪጅናል ነው” አለኝ።

የሶኒ አርኤክስ100 ዘር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ኪስ በሚገባ ካሜራ ውስጥ ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ይዞ መጥቶ ብዙ ሰው አስደነቀ፤ ፎከሱን የሚፈልገው ግን እንደ አሮጌዎቹ በር በበር ነበር። ፌዝ ዲቴክሽን የገባው በአምስተኛው ነው፣ በ2016። ፋብሪካው የአምስተኛውን ፎከስ 0.05 ሰከንድ ይለዋል፤ በ2019 የወጣውን ሰባተኛውን ደግሞ 0.02። እነዚህ ቁጥሮች በፋብሪካ ብርሃን፣ ፈቃደኛ በሆነ ነገር ላይ የተለኩ ናቸው፤ ጅብ ላይ አልተሞከሩም። ቢሆንም ልዩነቱን እጅ ያውቀዋል።

ታዲያ አምስተኛው ወይስ ሰባተኛው? እዚህ ላይ ሁለት ፍጥነቶች ይጣላሉ። ሰባተኛው ዙሙ እስከ 200 ሚሊሜትር ስለሚሄድ ሰሜን ተራራ ላይ ጭላዳውን ከሩቅ ይስበዋል። አምስተኛው ዙሙ 70 ላይ ይቆማል፤ ሌንሱ ግን 1.8 ድረስ ይከፈታል (ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል)፣ የሰባተኛው 2.8 ላይ ነው የሚያበቃው፤ በብርሃን ሲሰላ ከሁለት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ሜዳ ላይ ይህ ትርጉም የለውም። ላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትገቡ ግን ብርሃን የጠማው ካሜራ፣ ፎከሱ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ መስኮቱን ረዘም አድርጎ ይከፍታል። ከበሮ የሚመታው ዲያቆን አራት እጅ ያበቅላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጭላዳ ሰው አይፈራም፣ ቀስ ብላችሁ ብትጠጉት አይሸሽም፤ ጨለማ ግን ቢጠጉትም ያው ጨለማ ነው። ስለዚህ ሰፊው ሌንስ ይሻለኛል።

ጭራሽ ፎከስ ሳይፈልግ የሚያነሳ ካሜራም አለ። ሪኮ ጂአር ዙም የሚባል ነገር የለውም፤ በዚህ ምክንያት ገበያ ላይ የሚያየው ሰው ፊቱን ያዞራል። ነገር ግን ርቀቱን አስቀድማችሁ ሁለት ሜትር ብላችሁ ሞልታችሁ ቁልፉን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ከተጫናችሁት፣ ሳይፈልግ ሳያማርጥ ሁለት ሜትር ላይ ያነሳል። መርካቶ ውስጥ ሁሉም ነገር ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ።

ስለ ዋጋ ባላወራ ደስ ይለኝ ነበር። ሰባተኛው አርኤክስ ሲወጣ 1,200 ዶላር ገደማ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላርን በብር ማባዛት ልብ ድካም ላለበት ሰው አይመከርም። ምርጫውም ጠቧል። የጃፓን አምራቾች ማኅበር አኃዝ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2010 ሌንሳቸው የማይነቀል ትንንሽ ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ለገበያ ቀርበው ነበር፤ በ2023 ሁለት ሚሊዮን አልሞሉም። የበላቸው ስልክ ነው።

“ስልክህ ምን ሆኖ ነው?” ያለኝም የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከሜሪላንድ። ካሜራውን ይዞልኝ እንዲመጣ ስለምነው። ለዘመድ የሚይዘው ጫማ፣ ቫይታሚንና የሕፃን ወተት ሻንጣውን ሞልቶታል።

ልክ ነው፣ ስልክ ፈጣን ነው። የፎቶው ገጽ ከተከፈተ ጀምሮ የሚያየውን ሁሉ በጎን እያስቀመጠ ይቆያል፤ እናንተ ስትጫኑ ከተቀመጠው ውስጥ የዚያችን ቅጽበት መዝዞ ይሰጣችኋል። ግን ስልክ ስልክም ነው። ቀይ ቀበሮው ሊዘል ሲያደባ የሚደውል ዘመድ አይጠፋም። እኔ ዘንድ የሚደውለው ደግሞ የአክስቴ ልጅ ራሱ ነው፣ ሰዓቱን ሳያሰላ።

ይህችን ብልሃት ካሜራዎቹም ይዘዋታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፓናሶኒክ ቲዜድ100 ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ያለውን አንድ ሰከንድ፣ በሰከንድ 30 ምስል እያደረገ፣ ያስቀምጥላችኋል። ምስሉ ወደ 8 ሜጋፒክስል ይወርዳል፤ ያ የመጀመሪያው ሻጭ ይህን ቢሰማ ያዝናል። ጅብ ሳይመጣ የሚጮህ ውሻ ተገኘ ማለት ነው። አባቶቻችን ለዚህኛው ተረት አልተውልንም።

ሰኔቲ ላይ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ ፈጣን የሆነ ሰው አይቻለሁ። ባሌ ውስጥ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ነፋሱ ጆሮ የሚቆርጥበት አምባ ነው። እዚያ የምትኖረው ትልቋ ፍልፈል ከጉድጓዷ አንገቷን ብቻ ብቅ ታደርጋለች፣ ጉንጯ የሞላ፣ ጥርሷ የገጠጠ፤ አፋፉ ላይ ያለውን ሣር ዘንጠል አድርጋ ትሰወራለች። ቱሪስቶቹ አንገቷ በወጣ ቁጥር ካሜራ ይደቅናሉ፤ ጉድጓድ ያነሳሉ። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ግን አሮጌ ካሜራውን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አነጣጠረና ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫነ። ካሜራው “ዝዝዝ” አለ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አፋፉን አገኘ፣ “ቢፕ” አለ። ሰውዬው ጣቱን አላነሳም። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ አፍንጫው ሲቀላ፣ ፍልፈሏ ብቅ አለች፤ የቀረውን ግማሽ ተጫነ። በዚህ ዓይነት ፎከሱ ቀድሞ ካለቀ አሮጌውም ከአዲሱ እኩል ይሮጣል። ግማሽ መጫን የሚባለው ይሄ ነው፤ አብዛኛው ካሜራ ላይ አለ፤ ሱቅ ውስጥ ግን የሚነግራችሁ የለም፣ ምክንያቱም ዋጋ አይጠየቅበትም።

ፈጣኑን ያገኘ ሰውም ጣጣ አያጣም። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ካሜራ ተውሼ አክስቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። ቡና እየቀዱ ነበር፤ ስለ አንድ ጎረቤታቸው እያወሩ ሳቅ ሲያፈናቸው፣ ጀበናው አዘንብሎ፣ ነጠላቸው ከትከሻ ወርዶ፣ ቀጭ አደረግሁት። ካየኋቸው የእሳቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስክሪኑን አዞርኩላቸው።

“ውይ! አጥፋልኝ ይሄን።”

“አክስቴ፣ እንዴት እንደሚያምር!”

“ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ሳልዘጋጅ ነው እኮ ያነሳኸኝ። ቆይ።”

ገብተው ቀሚስ ቀየሩ፤ ነጠላ አጣፉ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትንፋሽ ያዙ። በ0.05 ሰከንድ ፎከስ የሚያገኝ ካሜራ ሩብ ሰዓት ጠበቃቸው።

በሰከንድ 20 የማንሳትም ዕዳ ማታ ይመጣል። የአንዱ ጥሬ ፋይል ክብደት 20 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በአንድ ሰከንድ 400 ሜጋባይት ማለት ነው። ቪ30 የተባለ ሚሞሪ ካርድ ዋስትና የሚሰጠው በሰከንድ 30 ሜጋባይት ለመጻፍ ነውና፣ ካሜራው ያነሳውን እስኪያስቀምጥ አንዳንዱን ነገር እንቢ እያለ ይጠብቃል። ርካሽ ካርድ ከገባበት ጥበቃው ይረዝማል። ከዚያ ሆቴል ገብታችሁ፣ መብራት ካለ፣ አሥራ አራተኛውና አሥራ አምስተኛው ፎቶ የሚለያዩበትን ስትፈልጉ ታመሻላችሁ። ጉዞ የወጡ ባልና ሚስት በዚህ ሲኳረፉ አይቻለሁ፤ እሷ አሥራ አራተኛው ላይ ቀጭኜ እታያለሁ ባይ ናት።

እንግዲህ ምርጫዬን አጥብቤ ወደ በሰል ወዳለው ልጅ ተመለስኩ። ያገለገለ፣ ግን ንጹሕ የሆነ ካሜራ አለው። እኔ የምፈትነው በራሴ መንገድ ነው። ካሜራውን አጠፋሁና፦

“እስቲ በሩ ድረስ ሄደህ ተመለስልኝ” አልኩት።

“እኔን ነው የምታነሳው?” ኮሌታውን አቃና፣ ደረቱን ነፋ፣ ቀጥ አለ።

“ኧረ ተራመድ!”

“አንሳ በቃ፣ ዝግጁ ነኝ።”

በስንት ልመና ተንቀሳቀሰ። በሩ ጋ ደርሶ ሲዞር ካሜራውን አብርቼ ተጫንኩት። አንድ እግሩ አየር ላይ፣ አንድ እጁ ፀጉሩ ውስጥ፣ “ልክ ነው?” ሊል አፉን ከፍቶ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ሌንሱ ወዲያ ወዲህ አላለም፣ “ዝዝዝ” የለም። ልጁ ስክሪኑን ነጠቀኝ።

“እኔ ነኝ ይሄ? ሞዴል መስያለሁ እኮ! በቴሌግራም ላክልኝ።”

ፎቶው ከካሜራው ወደ ስልክ የሚሄደው በዋይፋይ ነው። ለዚያ አፕሊኬሽን ማውረድ ያስፈልጋል። አወረድን። አፕሊኬሽኑ ካሜራውን ፈለገው፤ ካሜራው ስልኩን ፈለገው፤ ተፈላልገው ሲያበቁ ይለፍ ቃል ጠየቁ። ቃሉ ተሳሳተ። ስልኩ ከቤቱ ዋይፋይ ወጥቶ የካሜራውን እንዲይዝ ታዘዘ፤ ያዘ፤ “ኢንተርኔት የለም” ብሎ ለቀቀው። እንደገና ጀመርን። ልጁ ወንበር ሳበልኝና ከሱቁ አጠገብ ያለችውን ሴትዮ በበሩ ጠርቶ ሁለት ሻይ አዘዘ።

ሻዩ ቀድሞ ደረሰ።